ሰማያዊው ጭጋግ

ጎረቤቴ ፍሪጅ ይጠግናሉ። ገበሬ የበሬውን ጠባይ እንደሚያውቅ እሳቸውም የቫክዩም ፓምፓቸውን፣ ማለትም አየር መምጠጫቸውን፣ ጠባይ ያውቃሉ። ባለፈው ክረምት ልዋሳቸው በሄድኩ ጊዜ መጀመሪያ የነገሩኝ ግን ነውሩን ነበር። «ለአንተ ሥራ አይበቃም፤ ደካማ ነው። የጌጁ ቀስት 30 ደርሶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ 23 ላይ ይቆማል» አሉኝ። ከዚህኛው በፊት የነበራቸው ፓምፕም እዚያው ቁጥር ላይ ይቆም ስለነበር ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉድለት ያለባቸው ይመስላቸው ነበር።

ፓምፑ ጉድለት የለበትም። ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ የተሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። እዚያ አየሩ 760 ሚሊ ሜትር፣ በኢንች ደግሞ 30 ገደማ የሜርኩሪ ዓምድ ይሸከማል። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ስለሆነች እዚህ አየሩ የሚሸከመው ወደ 590 ሚሊ ሜትር፣ በኢንች 23 ነው። ቀስቱ 23 ላይ ሲቆም ፓምፑ ያለውን አየር ከሞላ ጎደል ሁሉ አውጥቷል ማለት ነው፤ የሌለ አየር ከየት ያምጣ? ይህን ስነግራቸው ጌጁን አገላብጠው ሲመለከቱ ቆዩና «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስወቅሰው የኖርኩት ያለ ጥፋቱ ነዋ!» አሉ። ፓምፑን ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

የፈለግሁት የሬዲዮ አምፖል ለመሥራት ነበር። አሮጌዎቹ ሬዲዮ ጠጋኞች አምፖል የሚሉትን፣ መጻሕፍቱ ቫክዩም ቲዩብ የሚሉትን። ደግሞም ፈጽሞ ባዶ የሆነውን ሳይሆን ጥቂት ጋዝ እንዲቀርበት ተብሎ የተሠራውን፣ የመጀመሪያውን ዓይነት። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ልጅነቴ መመለስ አለብኝ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከከተማው ወጣ ባለ አንድ የሬዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበሩ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት በአንድ ሰሞን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። አዳራሹ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚሰፋ መሰለኝ፤ ይሞቃል፣ አንድ ወጥ የሆነ ጉምጉምታ አለው። በአንደኛው የብረት ቁምሳጥን ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት ነበረች። አባቴ አንስተው በመስኮቷ አሳዩኝ። ውስጥ የተደረደሩ አምፖሎች ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ እንደ ጭጋግ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይንሳፈፋል። ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ዜና አንባቢው ይሰማል። እርሱ ቃሉን ጠንከር ሲያደርግ ሰማያዊው ይደምቃል፤ ትንፋሽ ሲወስድ ይደበዝዛል። ያን ቀን ድምፅ ማለት ያ ሰማያዊ ነገር ነው ብዬ አመንሁ። ሰውየው እዚያ መስታወት ውስጥ ነበር።

አልነበረም። እነዚያ አምፖሎች የሜርኩሪ ትነት ያለባቸው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን ወደ ቀጥተኛ የሚቀይሩ ሬክቲፋየሮች ነበሩ፤ ድምፁን አይነኩትም። ድምፁ ሲጠነክር ማሰራጫው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ስለሚጨምር እነርሱም አብረው ይደምቃሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ ድልድዩ እንደሚንቀጠቀጥ። ድምፁን የሚያጎሉት በሌላው ቁምሳጥን ያሉት፣ ምንም ሰማያዊ የማይታይባቸው አምፖሎች ነበሩ። ይህን ያወቅሁት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው፤ ሳውቅም አንድ ነገር የተወሰደብኝ ያህል ከፋኝ።

በኋላ የሬዲዮን ታሪክ ሳነብ፣ በእኔ ስምንት ዓመት ልጅነት የተሳሳትሁትን ስሕተት ትልልቅ ሰዎችም እንደ ተሳሳቱት አገኘሁ። ያውም የሬዲዮን አምፖል የፈጠሩት።

ነገሩ ሲታይ እንዲህ ነው። በመስታወቱ ውስጥ የሚግል ሽቦ አለ፤ ፊት ለፊቱ የብረት ሳህን ቆሟል፤ በመካከላቸው ወንፊት የመሰለ ቀጭን ሽቦ ተዘርግቷል። ሽቦው ሲግል ኤሌክትሮኖች ከላዩ ይተናሉ፤ ሳህኑ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ስለተሰጠው ይስባቸዋል። ከአንቴና የመጣው ደካማ ሞገድ ወንፊቱ ላይ ሲያርፍ አንዴ መንገዱን ይከፍታል፣ አንዴ ያጠብባል። በወንፊቱ ላይ የሚሆነው ትንሽ ለውጥ በሳህኑ በኩል ትልቅ ለውጥ ሆኖ ይወጣል። ማጉላት ማለት ይኸው ነው።

ወንፊት የሌለውን፣ ሽቦና ሳህን ብቻ ያለውን ቀዳሚ አምፖል እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ሠራ። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 መገባደጃ ላይ ወንፊቱን ጨመረበትና «ኦዲዮን» አለው። አምፖሎቹን ያሠራ የነበረው ኒው ዮርክ ውስጥ የመኪና መብራት በሚሠራ አንድ አምፖል ሠሪ ዘንድ ነው። በዚያ ዘመን የመብራት አምፖል አየሩ የሚወጣው ሽቦው እንዳይቃጠል ያህል ብቻ ስለነበር በኦዲዮኑም ውስጥ ጥቂት ጋዝ ቀረ። ዲ ፎረስት ግን የቀረውን ጋዝ እንደ ጉድለት አልቆጠረውም። ሞገዱን የሚቀበለው፣ ሥራውን የሚሠራው ጋዙ ነው ብሎ አመነ፤ በፓተንቱም (በፈጠራ መብት ሰነዱ) እንዲሁ ጻፈ። ሰማያዊውን አይቷላ!

እዚህ ላይ ለዲ ፎረስት ልሟገትለት። ጋዙ በእርግጥም ይረዳ ነበር፤ ያየው ነገር ቅዠት አልነበረም። ከጋለው ሽቦ የወጡ ኤሌክትሮኖች ሁሉም ኔጋቲቭ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ሽቦውን እንደ ደመና ከበው ከኋላቸው የሚመጡትን ይመልሳሉ። ጥቂት አርገን ቢኖር ግን፣ ወደ 16 ቮልት የሚሆን ጉልበት ያገኘ ኤሌክትሮን የአርገኑን አቶም ሲመታው አንድ ኤሌክትሮን ይነቅልለታል። የቀረው ፖዘቲቭ አዮን ከኤሌክትሮን 73 ሺህ ጊዜ ያህል የሚከብድ ነው። በአንድ ዓይነት ጉልበት ኤሌክትሮኑ ከእርሱ 270 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። ስለዚህ አዮኑ እያዘገመ ወደ ሽቦው ሲመለስ በደመናው መካከል ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥር የደመናውን ኔጋቲቭነት ያጠፋል፣ መንገዱ ይከፈታል። በዚያው ቮልቴጅ ብዙ ኤሌክትሮን ያልፋል። ሰማያዊው ብርሃን ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው አምፖሉ ለደካማ ሞገድ እጅግ ንቁ ይሆናል፤ ሌላው የማይሰማውን ሞገድ ይሰማል።

ችግሩ ያለው ያ ጥቂት ሲታለፍ ነው። አዮኖቹ ሲበዙ ወንፊቱን ራሱን ከበው ያለብሱታል፤ የወንፊቱ ትእዛዝ ከለበሰው ሽፋን አልፎ አይወጣም። ሰማያዊው ይበራል፣ አምፖሉ መስማት ያቆማል። ወንፊቱን የፈለጉትን ያህል ኔጋቲቭ ቢያደርጉት ፍሰቱን አያቆምም። የሳህኑን ቮልቴጅ ዝቅ አድርጎ ማጥፋትና እንደገና መጀመር ነው። ከዚህም ሌላ አዮኖቹ ሽቦውን እየደበደቡ ይበሉታል።

ያ ዘመን ይህን አውሬ ለማላመድ ያላደረገው የለም። በቪየና ሮበርት ፎን ሊበን ባልደረቦቹን ይዞ በ1910 ገደማ የሜርኩሪ ትነት ያለበት አምፖል ሠራ፤ ለቴሌፎን ድምፅ ማጉያ ነበር ያሰበው። የሜርኩሪ ትነት ግን ለሙቀት ይገዛል፤ በ20 ዲግሪ 0.0012 ሚሊ ሜትር የነበረው ግፊት በ30 ዲግሪ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጥቅምት ላይ የአቃቂን ሌሊትና ቀን ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ አምፖል ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅተውም፤ ጠዋት አንድ አምፖል፣ ከሰዓት ሌላ አምፖል። ሊበን በ34 ዓመቱ በ1913 ሞተ። በእንግሊዝ ሄንሪ ራውንድ የነገሩን ሌላ ጫፍ ያዘ። ጋዙ በሥራ ብዛት በመስታወቱና በብረቱ እየተመጠጠ ስለሚያልቅ፣ በአምፖሉ ጫፍ ላይ ጥቂት አስቤስቶስ፣ እሳት የማይበላውን ቃጫ መሰል ማዕድን፣ አስገባ፤ ጋዝ ሲያንስ ኦፕሬተሩ ጫፉን በትንሽ እሳት ያሞቀዋል፣ አስቤስቶሱም የያዘውን ጋዝ ይለቃል። ሬዲዮ ለመስማት ክብሪት የሚጫርበት ዘመን ነበር! በእነዚህ አምፖሎች የተሠሩት፣ ሞገድ ከየት እንደሚመጣ የሚለዩት የራውንድ አቅጣጫ ጠቋሚ ጣቢያዎች ናቸው በ1916 ከጀትላንድ የባሕር ጦርነት በፊት የጀርመን መርከቦች መንቀሳቀሳቸውን ያወቁት።

የመጨረሻውን ቃል የተናገሩት ግን ጋዙን ያስወጡት ሰዎች ናቸው። በ1912 መገባደጃ ዲ ፎረስት አምፖሉን ለአሜሪካ የቴሌፎን ኩባንያ መሐንዲሶች አሳየ። ድምፁ ዝቅ ሲል ጥሩ ነበር፤ ጠንከር ሲል አምፖሉ በሰማያዊ ጭጋግ ተሞልቶ ታፈነ። ሃሮልድ አርኖልድ የሚባለው ወጣት ፊዚክስ አዋቂ ያን ጭጋግ አይቶ ዲ ፎረስት ካሰበው የተገላቢጦሹን አሰበ፦ ጋዙ ይውጣ። በተሻለ ፓምፕ አወጣው፤ አምፖሉም ጸና። ጥር 1915 ላይ ከኒው ዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሰው ከሰው በቴሌፎን የተነጋገረው በእነዚህ ጋዝ አልባ አምፖሎች ነው።

በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራም ኢርቪንግ ላንግሚየር በዚያው ሰሞን እዚያው ድምዳሜ ላይ ደረሰ። የላንግሚየርን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ከሬዲዮ አምፖል ጋዝን ያስወጣው ይህ ሰው፣ በ1913 የመብራት አምፖል ውስጥ ሆን ብሎ ጋዝ ሞላ። በመብራት አምፖል ውስጥ ጋዙ በርከት ሲል ከጋለው ሽቦ ላይ የሚተነውን ተንግስተን ስለሚገታው ሽቦው ዕድሜ ያገኛል። በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቤተ ሙከራ፣ ጋዝ እዚህ ተባረረ፣ እዚያ ተጋበዘ። ጋዝ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ የጠየቀ ሰው ይህን መልስ አያገኝም ነበር፤ እርሱ የጠየቀው ጋዙ ምን ይሠራል ብሎ ነው።

ጋዝ ያለበት አምፖል ግን ወዲያው አልሞተም። በ1920 የአሜሪካው የሬዲዮ ኩባንያ አርሲኤ ለሕዝብ ካቀረባቸው የመጀመሪያ አምፖሎች አንዱ፣ ዩቪ-200፣ አርገን ያለበት ነበር። የሳህኑ ቮልቴጅ 20 ዙሪያ ነው፤ ከ16 ብዙም አይርቅም፣ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬአለሁ። እያንዳንዱ አምፖል የራሱ ጠባይ ስለነበረው ባለቤቱ በእጁ ቮልቴጁን ለስለስ እያደረገ፣ በጆሮው እየፈለገ ያገኘዋል። እኔ ልሠራው የፈለግሁት ይህን ነው። የሚደመጥ ብቻ ሳይሆን፣ እየተደመጠ የሚያዝ አምፖል።

ሥራውን ስጀምር መስታወት ማቅለጥ አልችልም። ስለዚህ የሚፈታና የሚገጠም አደረግሁት። ቶርኖ ቤት ሁለት ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህኖች አስቆርጬ፣ በመካከላቸው ወፍራም የመስታወት ቱቦ በኦሪንግ፣ በጎማ ቀለበት፣ አጠበቅሁ። ኤሌክትሪኩ አየር ሳያስገባ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ለሁለት ሳምንት አስጨነቀኝ፤ መልሱ ምን አለሽ ተራ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። ካንዴላ! የሞተርን ፍንዳታ የሚችል ካንዴላ የእኔን ቫክዩም ይችላል። ሦስት አሮጌ ካንዴላዎች ገዛሁ፤ አንዱ ለሽቦው፣ አንዱ ለወንፊቱ፣ አንዱ ለሳህኑ። የሽቦው ሌላ ጫፍ ከአሉሚኒየሙ ጋር ተገናኘ። የሚግለውን ሽቦ ያገኘሁት ከመኪና የኋላ መብራት፣ ባለ 12 ቮልት 21 ዋት፣ መስታወቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰብሬ ነው። የዲ ፎረስትም አምፖሎች ከመኪና መብራት ሠሪ እጅ መውጣታቸው ትዝ ሲለኝ ደስ አለኝ። ለወንፊቱ ቀጭን የብረት የክራር ክር ጠመጠምሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ስምንት ሰከንድ ቆየ። ፓምፑ እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ድረስ ያወርዳል፤ ከ590 ተነሥቶ እዚያ መድረስ ብዙ ይመስላል፣ ግን በቀረው ውስጥ ኦክስጅን አለ፤ የኦሪንጎቹም አቀማመጥ ገና አልተስተካከለም ነበር። ሽቦው ነጭ ጢስ አወጣ፣ መስታወቱን ከውስጥ ቢጫ ዱቄት አለበሰውና ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሽቦዎች አጣሁ። በሚቀጥለው ላይ አርገን ብየዳ ከሚሠሩ ልጆች ጥቂት ጋዝ በጎማ ከረጢት ለምኜ አመጣሁ፤ ፓምፑ ያወጣል፣ በመርፌ ቫልቭ አርገኑን አስገባለሁ፣ ደግሞ ያወጣል። አምስት ጊዜ እንዲህ አጠብሁት። በ0.02 ሚሊ ሜትር ግፊት አንድ የአየር ሞለኪውል ሌላውን ሳይመታ የሚሄደው ርቀት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ አርገንም ከዚህ ብዙ አይለይም። ኤሌክትሮን ከሞለኪውል እጅግ ስለሚያንስ ሳይመታ የሚሄደው ከዚህ ይርቃል፤ ሽቦውን ከሳህኑ ያራቅሁት በስድስት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግን ከኤሌክትሮኖቹ ከፊሎቹ በመንገዳቸው ላይ አርገን ማግኘታቸው አይቀርም። ሽቦውን በ10 ቮልት አጋልሁት። ቆየ።

ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅሁና ክራር ሰማሁ። ፓምፑ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል፣ ጠረጴዛው ወንፊቱን ያንቀጠቅጣል፣ ክሩም ያው የክራር ክር ነውና ይዘፍናል፤ አምፖሉ ደግሞ ዘፈኑን አጉልቶ ለጆሮዬ ያቀብላል። ከዚህ የከፋ የሬዲዮ አምፖል አይኖርም፤ እኔ ግን ዕንባዬ መጣ፣ ምክንያቱም የሚያጎላ ነገር ሠርቼ ነበር። መፍትሔው ፓምፑን ማቆም ነው። ቧንቧውን ቆልፌ ሳጠፋው ጸጥ ይላል። ግን በኦሪንጎቹ በኩል አየር ቀስ እያለ ስለሚሰርግ ያለኝ ጊዜ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው።

በኅዳር አንድ ምሽት አባቴን ጠራኋቸው። አሁን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጋቢያቸውን ደርበው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና መጀመሪያ የጠየቁት «ሽቦው ሞቋል?» ብለው ነው። ተንግስተን ወዲያው እንደሚግል ነገርኋቸው። አልተቀበሉኝም። «ሜርኩሪዎቹን ሳያሞቅ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የከፈተ ሰው ያበላሻቸዋል። ሠላሳ ቁጠር» አሉና ራሳቸው በለሆሳስ መቁጠር ጀመሩ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ሜርኩሪዎቹ እንዲያ የሚጠበቁት ሽቦው በደንብ ሳይሞቅ ቮልቴጅ ከመጣ አዮኖቹ የሽቦውን ሽፋን ስለሚልጡት ነው፤ ራውንድም ሊበንም የታገሉት ከእነዚሁ አዮኖች ጋር ነበር። አባቴ የአዮኖቹን ክብደት አስልተው አያውቁም። ግን በእያንዳንዱ የሥራ ቀን ሠላሳ ቆጥረውላቸዋል።

ሠላሳ ሲሉ ፓምፑን አጠፋሁ። የሳህኑን ቮልቴጅ ከ14 ጀምሬ ቀስ እያልሁ አነሣሁ። በ16 ሹክሹክታ መጣ። በ17 የሩቅ ድምፅ ተጨመረበት። በመካከለኛ ሞገድ ምሽት ላይ ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጡ ጣቢያዎች እዚህ ድረስ ይሰማሉ፤ ሞገዶቹ ወደ ምድር የሚመለሱት ከላይ በፀሐይ ኃይል ወደ አዮን ከተለወጠ ስስ አየር ላይ ነጥረው ነው። ከዚያ አዮን ወደ እኔ አዮን። ማዳመጫውን አውልቄ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። በአረብኛ አንዲት ሴት እየዘፈነች ነበር። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው የእኔን እጅ ከቮልቴጅ ማዞሪያው ላይ አነሡና ራሳቸው ያዙት። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣም፣ በጣም በዝግታ አዞሩት። ሜትሩ 18.4 ላይ ሲደርስ ቆሙ። ማዳመጫው ከጆሯቸው ጋር ተጣብቆ እያለ እንኳ ዘፈኑ ለእኔ ይሰማኝ ጀመር። እኔ ለአንድ ወር ስፈልገው ያላገኘሁት ነጥብ ነው።

ከሰባት ደቂቃ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ። «መብራቱን አጥፋው» አሉኝ። አጠፋሁ። ማዞሪያውን ገፋ አደረጉት፤ ዘፈኑ ተቆረጠ፣ በመስታወቱም ውስጥ ብርሃኑ ተነሣ። የሚያየውን ፊታቸውን አበራው።

«የእኛዎቹ ከዚህ ይበልጥ ሰማያዊ ነበሩ» አሉ። «ይኼ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል።»

«እነዚያ ሜርኩሪ ናቸው፤ ይህ አርገን ነው።»

ጎንበስ ብለው ቀረቡ። ጠርዙ ላይ ቀለሙ እየተለወጠ፣ ወደ ሮዝ እየሄደ ነበር። እኔ ገና ሳላስተውለው «አየር እየገባው ነው» አሉና ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መለሱት። ፓምፑን ለማስነሣት በጨለማው ውስጥ ቧንቧውን መፈለግ ጀመርሁ፤ አባቴ ከኋላዬ እንደገና ከአንድ ጀምረው ይቆጥሩ ነበር።